የኋላ ውርወራ

ትናንት ከወንዙ ማዶ አሸዋ ላይ ተጋድሞ ያየሁት አዞ ዛሬ የለም። ሰው አዞ ሲያይ ይደነግጣል ይባላል፤ እኔ ግን የደነገጥኩት ቦታው ባዶ ሆኖ ሳየው ነው። ባሌ ሰራዊት ዳቡስ ወንዝ ውስጥ እስከ ጭኑ ገብቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ የቀርከሃ ዘንጉን እያወዛወዘ ቆሟል። ሰፊ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ደፍቶታል። ብጮህ አይሰማኝም፤ ከበላዩ ድንጋይ ለድንጋይ እየተላተመ የሚወርደው ውሃ ሌላ ድምፅ አያስገባም። የተስማማንበት ምልክት ቀይ ሻርፔ ነው። ሻርፑን ከፍ ካደረግሁ ወዲያውኑ ይወጣል ተባብለናል። ምልክት የሚሠራው ግን የሚያየው ሰው ሲኖር ነው፤ እሱ ደግሞ አንዴ ውሃ ከገባ ሚስት ያለው አይመስልም።

ወይንሸት እባላለሁ። የቡለን ልጅ ነኝ፣ አሁን አሶሳ አዋላጅ ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። ሥራዬ መጮህ ነው። ግፊ፣ ተንፍሺ፣ እግርሽን አትግጠሚ፣ አይዞሽ ስል እውላለሁ፤ ተረኛ ከሆንኩም ስል አድራለሁ። ስለዚህ ዝም በይ የሚለኝ ሰው አልወድም። ባሌ ወንዝ ዳር ሲደርስ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው ነገር ደግሞ "ወይንዬ፣ ዝም በይ" ነው። ዓሣ በጆሮው ባይሰማ በጎኑ ይሰማል አለኝ። "አንተስ በየት በኩል ነው የምትሰማው? እስካሁን አላገኘሁትም" አልኩት።

ሰራዊት የባሌ ተራራ አገር ሰው ነው፣ የዲንሾ። እዚያ በብርዱ አገር በሚወርደው ወንዝ ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። አባቱ ይህን ዓሣ ሊያጠምዱ የሚመጡ እንግዶችን እየመሩ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት፤ ሰራዊትም ከእሳቸው ተማረ። አጠማመዱ ጉድ ነው። ትል የለም፣ ሥጋ የለም። ትንሽ መንጠቆ ላይ የዶሮ ላባና ክር ጠምጥመው ዝንብ ያስመስሉታል። ከዚያ ወፍራሙን ክር በአየር ላይ ወደ ኋላ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወደ ፊት እያወዛወዙ ያስረዝሙትና የላባዋን ዝንብ ውሃው ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፏታል። ዓሣው እውነት መስሎት ይነሳል። ይህን ሁሉ ደክመው የያዙትን ዓሣ ደግሞ ብዙ ጊዜ መልሰው ይለቁታል። መጀመሪያ ሲነግረኝ ያገባሁት ሰው ጤንነት አጠራጥሮኝ ነበር።

በኋላ ግን በዚህ ነገር መሳቅ ተውኩ። አባቱ ሞቱ። እኔ አሶሳ ተመደብኩ፣ እሱም ተከትሎኝ መጣ። እዚህ የሚመራው እንግዳ የለም፣ ትራውት የለም፣ ብርድ የለም። ባጃጅ መንዳት ጀምሮ ተወው፣ ሱቅ ተቀጥሮ ተወው። ቀስ በቀስ ከሰው ጋር ማውራት ተወ፤ ከዚያ ከእኔም ጋር ተወ። ከሥራ ስመለስ ግድግዳ እያየ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ምሳ በላህ ስለው አዎ ይለኛል፤ ድስቱ ግን ጠዋት እንደከደንኩት ነው። አንድ ጣሪያ ሥር አብሮ የሚያድር ሰው ይናፍቃል? እኔ ናፍቄው ነበር፣ በጣም ናፍቄው ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ስገባ በረንዳው ላይ ቀርከሃ ተሰነጣጥቆ ተበትኗል። አሶሳ ቀርከሃ ሞልቷል፤ አጥሩም እሱ፣ አልጋውም እሱ፣ ወንበሩም እሱ ነው። ባሌ ግን በስሱ እየሰነጠቀ፣ በቢላ እየላገ፣ በሙጫ እያጣበቀ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሠራበት። ከአባቱ የወረሰውን የክር ማጠንጠኛ ከሻንጣ ሥር አወጣው። እየሠራ ሲያፏጭ ሰማሁት። ወጥ እያማሰልኩ ነበር፤ ማማሰያውን እንደያዝኩ ቆሜ አዳመጥኩት። ፉጨቱን እስኪጨርስ አልተንቀሳቀስኩም፣ ወጡም አረረ።

መስቀል እንዳለፈ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ በሞተር ብስክሌታችን ወደ ኑሃ መንደር ሄድን። ኑሃን ያወቅኳት የመጨረሻ ልጇን ሳዋልዳት ነው፤ ክፉ ምጥ ነበር፣ ሁለታችንም አንረሳውም። ቤቷ ዳቡስ ዳር ነው። እሷና የመንደሩ ሴቶች በእንጨት ገበታ የወንዝ አሸዋ እያጠቡ ወርቅ ይፈልጋሉ። "ሲስተር፣ የኔ ቤት ያንቺ ቤት ነው፣ ወላሂ" ብላ አንድ ጎጆ ለቀቀችልን። ባሌ ለዚህ ደግነቷ የመለሰላት ውለታ የአውራ ዶሮዋን የአንገት ላባ መንጨት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ቦታውን የመረጠው እሱ ራሱ ነው። ውሃው በላይ በኩል እየጮኸ ይወርድና መሀል ላይ ትልቅ ቋጥኝ ያገኛል፤ ከቋጥኙ ጀርባ ይረጋል፣ ይጠቁራል። ከዳር እስከ ቋጥኙ ጠጠር ነው፣ ከጭን አያልፍም። ዳር ላይ ደግሞ ግማሹ ውሃ ውስጥ የገባ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እኔ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ውሃው ውስጥ ነከርኩ፤ እዚህ አገር የመስከረም ፀሐይ ምሕረት አታውቅም። ማዶ አሸዋው ላይ አዞ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል።

"ሰርዬ፣ አየኸው?"

"አየሁት። እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ።"

"እሱስ እንደዚያ የተስማማ ይመስልሃል?"

"ዝም በይ፣ ወይንዬ።"

ዓሣው ከቋጥኙ ጀርባ የተነሳው ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ነው። ቢልጫ ነው፤ ጎኑ ወርቅማ፣ ከንፈሩ ወፍራም፣ ርዝመቱ የሰው ክንድ ያህላል። ዝንቧን ሲውጣት ከተቀመጥኩበት እንኳ ታየኝ። ዘንጉ ጎበጠ፤ ባሌ አብሮ ጎበጠ፤ ከዚያ ክሩ ተበጠሰ። ሰራዊት ባዶ ዘንጉን ይዞ እየተንገዳገደ ወደ ዳር ወጣ። ያለቀሰ መስሎኝ ስጠጋው እየሳቀ ነው። ሆዱን ይዞ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ይስቃል። ያን ሳቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ገና ሳንጋባ ነው። አቅፌው አብሬው ሳቅሁ።

እዚያው ቆሞ ወሰነ። "ትልቅ ዓሣ ቦታውን አይለቅም" አለኝ። "አባባ ያስተማሩኝ ይሄንን ነው። ያመለጠህን ዓሣ ከፈለግህ በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ቁም ይላሉ። ዓሣው እግርህን እንደ ድንጋይ እስኪለምደው ነው።"

ማታ ለኑሃ ነገርኳት። የማሽላ ገንፎ እያገነፋች ነበር፤ እጇ ቆመ።

"አይሆንም" አለች። "ሲስተር፣ እዚህ ወንዝ ሰው ትናንት የነበረበት ዛሬ አይሄድም። እኛ ወርቅ ስናጥብ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው። ውሃ ስንቀዳ እንደዚያ ነው። ተምሳህ ዝም ብሎ ያያል። ሰው ቦታ ከለመደ እሱም ይለምዳል።"

ተምሳህ የምትለው አዞን ነው። ነገሩ ለእኔም አዲስ አልነበረም። ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዱ የነበሩ አጎቶቼ ከብት እንኳ በአንድ መልካ ሁለት ቀን አያጠጡም ነበር። ወደ ባሌ ዞርኩ። "ሰማህ? ዲንሾ አይደለም ይሄ! እዚያ ወንዝህ ውስጥ የሚያስፈራው ብርዱ ነው፣ እዚህ ጥርስ አለ!" አንድ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ በሌላው ጣቴን እየቀሰርኩ ገንፎው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አስተማርኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

በማግስቱ ማዶ ያለው አሸዋ ባዶ ሆኖ ያገኘሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሰራዊት ትናንት የቆመበት ላይ ሄዶ ቆመ። እኔም ጠፍጣፋው ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ነክሬ ጥበቃዬን ጀመርኩ። በእሱ ዙሪያ ያለውን ውሃ ብቻ ነበር የማየው። ግንድ ሲንሳፈፍ ልቤ ይቆማል፣ ቅጠል ሲዞር ልቤ ይቆማል። ውሃው ያለ ነፋስ ሲሸበሸብ ሻርፑን አነሳሁ፤ አልወጣም። ደግሜ አነሳሁ፤ ዘንጉን ማወዛወዙን ቀጠለ። ባርኔጣው አንዳንዴ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ፊቱን ግን አላየሁትም። ቢልጫው አንዴ ተነስቶ ዝንቧን አሸተታትና ተመለሰ። ባሌ ከውሃው የወጣው እያፏጨ ነው።

ያን ቀን ማታ ተጣላን።

"ሻርፑን ስንት ጊዜ አነሳሁልህ!" አልኩት።

"አየሁት። ውሃውንም አየሁት፤ ምንም አልነበረም።"

"አላየኸኝም! ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብለህ አላየኸኝም። እዚያ ድንጋይ ላይ ሞቼ ብገኝ የምታውቀው ምሳ ሲርብህ ነው።"

"ወይንዬ፣ ከኋላዬ መሆንሽን አውቃለሁ እኮ።"

"ማወቅና ማየት አንድ አይደለም።"

የሆነ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ ኑሃ እራት ይዛ ስትገባ ግን ተወው። እኔም ኩርፊያዬን ይዤ ገንፎዬን በላሁ።

አትሄድም ብዬ ብከለክለው ይቀር ነበር። ይህን በደንብ አውቃለሁ፣ ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ሰራዊት ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቤ እምቢ ካልኩ ዘንጉን ጠቅልሎ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ዝም ብሎ ወደ አሶሳ ይመልሰኛል። ከዚያ ግድግዳው ፊት ይቀመጣል። ምሳ በላህ እለዋለሁ፣ አዎ ይለኛል። አዞ ቢበላው አጣዋለሁ፤ ግድግዳው ቢበላውም ያው ነው። ጎጆው ውስጥ ተኝቼ ሁለቱን ሳገላብጥ ቆየሁና "ነገ ብቻ" አልኩት። "ነገ ዓሣው መጣም አልመጣ ይበቃል።" እጄን ፈልጎ ያዘኝ። ነጋ።

በሦስተኛው ቀን ኑሃና ሴቶቹ ገበታቸውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው በአጠገባችን አለፉ። ትናንት ከእኛ በላይ ነበሩ፣ ዛሬ ከመታጠፊያው በታች ሊያጥቡ ነው። ኑሃ ቆም አለች።

"ሲስተር፣ ዛሬም እዚህ?"

"ዛሬ የመጨረሻ ነው።"

ወንዙን አየችው፣ ባሌን አየችው፣ ተቀምጬበት የነበረውንም ድንጋይ አየችው። አልሳቀችም። "እኛ ታች ነን" አለች። "እዚያ ውሃ አይጮህም። ነገር ካለ መጮህ ነው።"

መጮህ እችላለሁ አልኳት። ሄዱ።

ሙቀቱ ያፍናል፤ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ነው ግን አይዘንብም። ማዶ አሸዋው ላይ ወፍ እንኳ የለም። ሰራዊት ከቋጥኙ በዚህ በኩል፣ በዚያችው ቦታው፣ በዚያው አቋቋሙ ቆሟል። እኔ ሻርፔን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ጫማዬን ከጎኔ አስቀምጬ፣ እግሬን ነክሬ ውሃውን እየከፋፈልኩ አያለሁ። መጀመሪያ ከእሱ ግራ ያለውን፣ ከዚያ ቋጥኙ ሥር ያለውን ጥቁር ውሃ፣ ከዚያ በቀኙ ያለውን። እንደገና ከግራው እጀምራለሁ። ዓይኔን ካርገበገብኩ የሚወሰድብኝ ይመስለኝ ነበር። ትንንሽ ዓሣዎች እግሬን ይነካካሉ፤ ትናንትም ከትናንት ወዲያም ሲነካኩኝ ስለነበር ለምጃቸዋለሁ፣ እነሱም ለምደውኛል።

ፀሐይ አናቴ ላይ ደረሰች። ቢልጫው የሚነሳበት ሰዓት ነው። ዝንቧ ከቋጥኙ ጀርባ አረፈች፣ ተንሳፈፈች፣ ተነሳች። ደግማ አረፈች። ከሥሯ ወርቅማ ነገር ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲመጣ እኔም አየሁት። ትንፋሼን ዋጥሁ። ይያዝ፣ አልኩ በልቤ፣ ይያዝና እንሂድ።

ሰራዊት ዝንቧን መንጭቆ ከዓሣው አፍ ላይ አነሳት።

ዞረ። ፊቱን ከባርኔጣው ሥር አየሁት፤ አመድ መስሏል። ዓይኔን አልነበረም የሚያየው፣ ከእኔ ዝቅ ብሎ ነው። ምን ሆነህ ልል ስነሳሳ ክሩ በአየር ላይ ሲወናጨፍ አየሁ። ክሩን ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ፣ ባለው ኃይል ሁሉ ወረወረው። የላባዋ ዝንብ መጥታ የግራ ጆሮዬ ላይ ተሰካች።

ደሜ ፈላ። "አብደሃል እንዴ!" ብዬ ብድግ አልኩ። ሻርፔ ከትከሻዬ ወደቀ። ጆሮዬ ይነዳል፤ ክሩን በእጄ ይዤ፣ ከየትኛው ስድብ እንደምጀምር እየመረጥኩ ዳገቱን ወደ ኋላ ወጣሁ፣ ልጎትተውና ከዚያ ውሃ ላወጣው። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ።

ድንጋዬ ሥር ያለው ውሃ ተሰነጠቀ።

መጀመሪያ ያየሁት አፉን ነው። ከአፉ በቀር ሌላ ነገር የሌለው ይመስል ነበር። እግሬ በነበረበት ቦታ ላይ ሲዘጋ ድምፁ የከባድ ሣጥን ክዳን ይመስላል። ግማሽ ሰውነቱ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ራሱን ወዲያና ወዲህ ወዘወዘ፤ ጫማዬ ወደ ሣሩ ተፈናጠረ። ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ድንጋዩ እርጥብ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሻርፔም አብሮ ሄደ።

መጮህ እችላለሁ ብዬ ነበር። አልቻልኩም። ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ባሌን ስጠብቅ አዞው የጠበቀው እኔን ነው። እሱን ቦታህን ቀይር እያልኩ ስጨቀጭቀው፣ እኔ ራሴ በዚያው ድንጋይ ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ እግሬን ነክሬ ቀጠሮ ስሰጠው ነበር። ይህ ሁሉ የገባኝ እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ነው፤ ወዲያውም ሌላው ነገር ገባኝ። ባሌ አሁንም ውሃ ውስጥ ነው።

ሰራዊት ወደ ቋጥኙ እየተጠጋ ነበር፤ ሳይሮጥ፣ ውሃውን ሳያንቦጫርቅ። ዘንጉን አልጣለም። ክሩ ከእሱ እጅ ተነስቶ በውሃው ላይ አልፎ ጆሮዬ ላይ ያልቃል። እንዳይጎትተኝ ክሩን እጄ ላይ ጠመጠምኩት። ቋጥኙ ላይ ወጣ። አሁን በመካከላችን ያለው ያ እስከ ጭን የሚደርስ ውሃ ብቻ ነው። ከፊት ለፊቱ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ሻርፔ ነው። ብቻውን ተንሳፈፈ፣ ዞረ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። አዞው እዚያ ነው የለቀቀው ማለት ነው። እዚያ፣ በመንገዱ ላይ ነው ያለው።

ሰራዊትም አይቶታል። አንድ እግሩን ከቋጥኙ አወረደ። ወደ እኔ ሊመጣ ነው፤ ደሜ በአንገቴ ሲወርድ አይቶ አላስቻለውም። አትምጣ ብዬ በእጄ ብምል ብገዘት እግሩን አልመለሰም። እጄ ላይ የጠመጠምኩትን ክር አንዴ ሳብኩት። ቆመ። ደግሜ፣ ጠበቅ አድርጌ ሳብኩት። እግሩን ወደ ላይ መለሰ። ዓሣው ሲይዘው የሚሰማው በዚህ ክር ነውና እኔንም በክሩ ሰማኝ።

ያኔ ድምፄ መጣ። ስንት ዓመት ምጥ ላይ የጮህኩትን ሁሉ አንድ ላይ አድርጌ ጮህኩ። "ኑሃ! ኑሃአአ!" ወንዝ ዳር ዝም በይ ያለኝን ሰው ለማዳን ነው የጮህኩት፤ ጎን ያለው ዓሣ ሁሉ ይስማ።

ሴቶቹ እየሮጡ መጡ። ኑሃ ድንጋዩን፣ ጆሮዬን፣ ቋጥኙን በአንድ እይታ አየችና ምንም አልጠየቀችኝም። በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናገረች። ሴቶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ፣ በመካከላቸው ሰው የማያሳልፍ ሆነው፤ ገበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ውሃውን በገበታ እየመቱ፣ እየጮኹ፣ አንድ ላይ ገቡ። ኑሃ ወደ እኔ ዞር ብላ "ሲስተር፣ አንቺ ቁጭ" አለችኝ። አልተቀመጥኩም። ክሩን በጥርሴ በጥሼ፣ ዝንቧን ጆሮዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ከጎኗ ገባሁ። ገበታ አልነበረኝም፣ በመዳፌ ነው ውሃውን የመታሁት። ከጉልበቴ በታች ያለውን አላይም። በእያንዳንዱ እርምጃ እግሬ ሌላ ነገር የሚረግጥ ይመስለኛል። ፈርቼ አላውቅም እንደዚያ። ፈርቼም እየጮህኩ ነበር፤ ኑሃ "አላህ! አላህ!" ትላለች፣ እኔ "ድንግል ማርያም!" እላለሁ፣ ውሃው እንደ ከበሮ ይመታል።

ቋጥኙ ጋ ደረስን። ሰራዊት ወርዶ መካከላችን ገባ፣ ትከሻዬን ያዘ። እንደገጠምን፣ ጀርባችንን ለወንዙ ሳንሰጥ፣ ወደ ኋላ እየሄድን ወጣን። የሁላችንም እግር ሣር እስኪረግጥ ማንም ገበታውን አላሳረፈም።

ሣሩ ላይ ዘርፈጥ ብለን ተቀመጥን። ሴቶቹ መሳቅ ጀመሩ፤ የፍርሃት ሳቅ ነው፣ አንዷ ከጀመረች የማያቆም። ሰራዊት አልሳቀም። ጆሮዬን ይዞ፣ መንጠቆው ያለበትን ሊነካ እየፈለገ አልደፈረም።

"ወደ ኋላ አትሳበው፣ ሥጋዬን ይዞ ይወጣል" አልኩት። "ወደ ፊት ግፋው። ጫፉ በዚያ በኩል ይውጣና ቆርጠህ ጣለው። ግፋ!"

መንጠቆውን ይዞ ቀረ። "ግፋ አልኩህ!" ብዬ ጮህኩበት። ገፋው። አመመኝ፣ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። አንገቴን በሸሚዙ ጠረገልኝ።

"እንዴት አየኸው?" አልኩት ትንፋሼ ሲመለስ።

"ከእግርሽ ሥር ትንንሾቹ ዓሣዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ውሃውን ለቀው ዘለሉ። ዓሣ እንደዚያ የሚዘለው ከሥሩ ትልቅ ነገር ሲመጣበት ነው። ብጠራሽ አትሰሚኝም። ያለኝ ነገር ዝንቧ ብቻ ነበረች።" ሸሚዙን አገላብጦ መልሶ ጠረገኝ። "ስትናደጂ ቁጭ ብለሽ እንደማትናደጂ አውቃለሁ።"

ኑሃ ሰምታ ሳቀች። እኔ ግን የጠየቅኩት ሌላ ነገር ነበር።

"እሱን አይደለም ያልኩህ። ጀርባህን ሰጥተኸኝ፣ ዓሣው አፉን ከፍቶ እየመጣልህ፣ እኔን እንዴት አየኸኝ?"

ጥያቄው ገረመው። "የኋላ ውርወራ ነው እኮ" አለ። "ክሩን ወደ ኋላ በላክሁ ቁጥር ዞር ብዬ ማየት አለብኝ፤ ዛፍ ሊይዘው ይችላል፣ ሰው ሊመታ ይችላል። አባባ ዘንግ ከማስያዛቸው በፊት ያስተማሩኝ እሱን ነው። በእያንዳንዱ ውርወራ አይሻለሁ፣ ወይንዬ። እዚያ መሆንሽን አይቼ ነው ወደ ፊት የምወረውረው።"

ሦስት ቀን ሙሉ ስንት ጊዜ እንደወረወረ አሰብኩ። ባርኔጣው ወዲያና ወዲህ ሲል እያየሁ፣ ከሥሩ ዓይን እንዳለ አላውቅም ነበር። የምለው ነገር ጠፋኝ። እኔ የምለው ሲጠፋኝ ባሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየው፤ ደንግጦ "በጣም አሞሻል?" አለኝ።

በማግስቱ ወደ አሶሳ ከመመለሳችን በፊት ዘንጉን አንሳ አልኩት። አላመነኝም። ኑሃ ራሷ መርታ ማንም ያልቆመበት ቦታ ወሰደችን፤ እግሩ ደረቅ ጠጠር ላይ ሆኖ የሚወረውርበት። እኔ ከውሃው ርቄ፣ ጆሮዬ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ የማንጎ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ሊጀምር ሲል ጠራሁት።

"ሰርዬ፣ ባርኔጣህን አውልቅ።"

"ፀሐዩ ያቃጥለኛል።"

"ይቃጠል።"

አውልቆ ጠጠሩ ላይ አስቀመጠው። ክሩን ወደ ኋላ ላከ፣ ዞረ፣ አየኝ።